ከሞትሪል ቆላ እስከ ላ ራጉዋ ብርድ

ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጋው ካርታ ከገና ወዲህ አልታጠፈም። ምግብ ሲቀርብ ወደ ጎን እገፋዋለሁ፣ እንግዳ ሲመጣ ከነእርሳሱ ወደ መኝታ ቤት አስገባዋለሁ፤ እንግዳው ሲሄድ ተመልሶ እዚያው ይዘረጋል። የደቡብ ስፔን ካርታ ነው። ከማላጋ እስከ ጓዲክስ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ እስከ ሴራ ኔቫዳ ተራራ ያለውን አገር ያሳያል። ከፋሲካ በኋላ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በብስክሌት የምንዞረው ይህንን አገር ነው።

የምኖረው ኔዘርላንድ፣ ዩትሬክት ከተማ ነው። ነርስ ነኝ፤ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ብስክሌት መንዳት የተማርኩት እዚሁ፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ደሴ ሳድግ ሆጤ አካባቢ ብስክሌት የሚያከራይ ልጅ ነበር፤ ሩብ ሰዓት በስሙኒ። ወንዶቹ ተራ ይዘው ይከራያሉ፣ እኛ ሴቶቹ ዳር ቆመን እናያለን። አትንዱ ያለን ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሴት ልጅ ስትነዳ አይቼ ስለማላውቅ መጠየቁ ራሱ በሐሳቤ አልመጣም።

ወንድም ጋሼ በዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። በ1985 ዓ.ም. ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በኪራይ ብስክሌት ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያንን ሁሉ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ብስክሌቱ የሚሠራለት የኋላው ፍሬን ብቻ ነበር። ማታ በጭነት መኪና ላይ ብስክሌቱን አስጭኖ ሲመለስ የፍሬኑ ላስቲክ እስከ ብረቱ አልቆ ነበር። እናታችን ያን ቀን አልተቆጣችውም፤ ውሃ አሙቃ እግሩን አጠበችው። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ «ሽቅቡንስ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሽቅቡን ሌላ ቀን እንወጣዋለን፣ ሚጣ» አለኝ። እንወጣዋለን ማለቱን አልረሳሁትም።

አሁን እሱ ፍራንክፈርት ነው የሚኖረው። ሃምሳ ሁለት ዓመት ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን፣ ያን ሐምሌ በየማታው እየደወለ የዕለቱን ውድድር ይተርክልኝ ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የሄደች ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩን የነገረኝም እሱ ነው።

ወዴት እንሂድ የሚለው ጥያቄ ብዙ ሳምንት አልፈጀም። ሁለታችንም ተራራ እንፈልጋለን፣ ሁለታችንም ብርድ በቅቶናል። የአልፕስ ከፍተኛ መተላለፊያዎች በሚያዝያ ገና በበረዶ የተዘጉ ናቸው። ማዮርካ ደሴት ላይ ያለው የትራሙንታና ተራራ ውብ ነው፤ ወደ ሳ ካሎብራ የባሕር ወሽመጥ የሚወርደው ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተኩል ጠመዝማዛ መንገድ ብቻውን ለጉዞ ይበቃል። ነገር ግን በጸደይ ከመላው ሰሜን አውሮፓ የሚመጡ ብስክሌተኞች ይሞሉታል፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው መንደር ነበር። የሲሲሊው ኤትና፣ መንገዱ ከባሕር ዳር እስከ 1,900 ሜትር የሚያወጣው፣ ለሌላ ዓመት ተቀምጧል። ስፔንን ያመጣችው የሥራ ባልደረባዬ ናት። የተወለደችው ሞትሪል በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። አንድ የሌሊት ተረኝነት ላይ አያቷ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ እንደነበሩ ነገረችኝ። አውሮፓ ውስጥ ሸንኮራ? አልኳት። እ.ኤ.አ. እስከ 2006 ድረስ ከሞትሪል አጠገብ የአገዳ ስኳር ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ በዚያ ምድር ላይ አቮካዶና ማንጎ ነው የሚበቅለው። «ከማንጎው ዛፍ ሥር ቆመሽ ቀና ስትይ ደግሞ በረዶ ታያለሽ» አለችኝ። ያንን ከሰማሁ በኋላ ሌላ አገር አላሰብኩም።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ጉዞ አቅጄ ተሳስቻለሁ፤ የአሁኑ ዕቅድ የተሠራው ከዚያ ስሕተት ስለሆነ መናገር አለብኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ብቻዬን ክሬት ደሴት ሄጄ ነበር፤ ያውም በሐምሌ። ከሃኒያ ከተማ ተነሥቼ በደቡብ ጠረፍ ወዳለችው ሖራ ስፋኪዮን መሄድ ፈለግሁ። ካርታው ወደ ሰባ ሦስት ኪሎ ሜትር አለኝ። ዩትሬክት ሰባ ኪሎ ሜትር ማለት የአንድ ቅዳሜ መዝናኛ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ምንም አልመረመርኩም። ረፋድ ላይ ተነሣሁ። ቭሪሴስ ከምትባለው መንደር በኋላ መንገዱ ወደ አስኪፉ አምባ ይወጣል፤ አምባው 730 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቁጥሩ ለደሴ ልጅ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ዳገቱ የጀመረኝ በቀትር ነው፤ አስፋልቱ ከሥር ይጋግራል፣ ድንጋዩ ከጎን ይጋግራል፣ የያዝኩት ሁለት ጠርሙስ ውሃ ደግሞ ግማሽ ዳገት ላይ አለቀ። ከብስክሌቱ ወርጄ እየገፋሁ ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ላቤ መድረቁን አስተዋልኩ። ነርስ ስለሆንኩ ትርጉሙን ዐውቃለሁ፤ የአንድ ወይራ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥሁ። አንድ አዛውንት ፍየል የጫኑባትን ፒካፕ መኪና አቁመው በእጃቸው ነይ የሚል ምልክት ሰጡኝ። ብስክሌቴን ከፍየሎቹ ጋር ጫኑት፣ ለእኔ ከጎናቸው ከነበረው ማሰሮ ውሃ ቀዱልኝ፣ አምባው ላይ ወደሚገኘው ቤታቸውም ወሰዱኝ። ባለቤታቸው ዳቦና አይብ አቀረቡ። አንድም የጋራ ቃል አልነበረንም። ፀሐይ ከቀዘቀዘች በኋላ ቁልቁለቱን ወርጄ ባሕሩ ላይ ስደርስ መሽቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ አፍሪካ ናት፤ ባሕሩም የሊቢያ ባሕር ይባላል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ወደዚያ እያየሁ ብዙ አለቀስኩ። ከድካም ብቻ አልነበረም።

ያን ዕቅድ ያበላሸው ጉልበት ማነሴ አይደለም፤ አገሩን በኪሎ ሜትር መለካቴ ነው። አገራችን ማንም ገበሬ ሩቅ መንገድ ሊሄድ ሲል መጀመሪያ የሚጠይቀው «ቆላ ነው ደጋ?» ብሎ ነው። ልብሱን፣ ስንቁን፣ የሚነሣበትን ሰዓት የሚወስነው በዚያ መልስ ነው። እኔ ግን ሜዳ አገር ብዙ ስለኖርኩ ያንን ጥያቄ ረስቼው ነበር። የስፔኑን ካርታ ስዘረጋ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ባለ ቀለም እርሳስ አንሥቼ ቆላውን በቀይ፣ ወይና ደጋውን በአረንጓዴ፣ ደጋውን በሰማያዊ መቀባት ነበር።

በእርግጥ የኛን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። እኛ ዘንድ 1,500 ሜትር የወይና ደጋ መጀመሪያ ነው። እነሱ ከምድር ወገብ ራቅ ስለሚሉ በዚያው ከፍታ ላይ ደጋቸው ይጀምራል፤ ሁለት ሺህ ላይ በሚያዝያ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ሦስት ሺህ ላይ በረዶ ነው። ስለዚህ ለራሴ ሌላ መስመር አሰመርኩ። ከባሕሩ እስከ 400 ሜትር ቆላ፦ ሸንኮራ የነበረበት፣ ማንጎ፣ አቮካዶ። ከዚያ እስከ 1,200 ወይና ደጋ፦ ወይራ፣ ለውዝ፣ በለስ። ከዚያ በላይ ደጋ፦ ቼስትነት የሚባለው ዛፍ፣ ፈረስ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ወፍራም ብርድ ልብስ። ባልደረባዬ ቀለሙን ስታይ ሳቀችና «የአያቴ አገር እንዲህ ነው» አለች።

አሁን መንገዱን ላውራ። ማላጋ አውሮፕላን ማረፊያ እንገናኛለን። ከዚያ ሁለት ቀን በባሕሩ ዳር ወደ ምሥራቅ፦ ኔርሃ አንድ ሌሊት፣ ሞትሪል አንድ ሌሊት። መኪናው በብዛት በላይኛው አውራ ጎዳና ስለሚሄድ አሮጌው የባሕር ዳር መንገድ ለብስክሌት የተሻለ ነው ይላሉ። ይህ የቆላው ክፍል ነው፤ በማለዳ ተነሥተን ከቀትር በፊት የምንጨርሰው። ስለ እሱ ብዙ አላሰብኩም።

ልቤ ያለው በሦስተኛው ቀን ነው። ከሞትሪል ወደ ሰሜን ተጠምዝዘን በ450 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ኦርሂባ እንወጣለን። ኦርሂባ የአልፑሃራ በር ናት። አልፑሃራ ማለት ከሴራ ኔቫዳ በስተ ደቡብ የተንጠለጠለው የመንደሮች አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1492 ግራናዳ በንጉሥ ፈርዲናንድና በንግሥት ኢሳቤላ እጅ ስትወድቅ የመጨረሻው የሙስሊሞች ገዥ ቦአብዲል መጀመሪያ የተሰጠው ግዛት ይህ ነበር። ከ1568 እስከ 1571 ደግሞ በግዴታ ክርስቲያን የተደረጉት ነዋሪዎች እዚሁ ተራራ ላይ አመፁ፤ ተሸንፈውም ከአገራቸው ተባረሩ። የሠሩት ቤት ግን ቀረ፦ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ በግራጫ አፈር የተደመደመ፣ አንዱ ቤት በሌላው ትከሻ ላይ የቆመ። የቆፈሩት የመስኖ ቦይም ቀረ። ከበረዶው ሥር የሚቀልጠውን ውሃ በተራራው ወገብ እያዞሩ የሚያመጡ ቦዮች ናቸው፤ ስማቸው ዛሬም ከዐረብኛ የወረሱት «አሴኪያ» ነው። ከነዚህ ቦዮች አንዳንዶቹ ውሃውን በቀጥታ ወደ እርሻ አይወስዱትም። በጸደይ ሆን ብለው በተራራው ላይ ይለቁትና መሬቱ እንዲጠጣው ያደርጋሉ፤ በበጋ፣ ሁሉ ነገር ሲደርቅ፣ ያው ውሃ ታች ባሉት መንደሮች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ነገር ያነበብኩ ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚያዝያ የምንሄደው ውሃው በቦዩ በሚወርድበት ወቅት ነው። ብስክሌቴን አቁሜ ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ።

ከኦርሂባ መንገዱ ወደ ፖኬይራ ገደል ይገባል። በገደሉ ላይ ሦስት መንደሮች ተደራርበዋል፦ ፓምፓኔይራ፣ ቡቢዮን፣ ከሁሉም በላይ 1,436 ሜትር ላይ ካፒሌይራ። እኛ ፓምፓኔይራ ላይ ምሳ በልተን ወደ ትሬቬሌስ እንቀጥላለን፤ እሷ 1,476 ሜትር ላይ ናት፣ በብርዷና በደረቅ አየሯ የአሳማ ሥጋ የምታደርቅ መንደር። እኔና ወንድሜ አሳማ አንበላም። ይሁን እንጂ የምንበላው አይጠፋም፦ በወይራ ዘይት የተጠበሰ ድንች ከበርበሬና ከእንቁላል ጋር፣ ባቄላ፣ የፍየል አይብ። ጊዜውን ከፋሲካ በኋላ ያደረግነውም በከፊል ለዚህ ነው። በዚህ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን 2018 ይውላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳን ጾም የለበትም። እናቴ ቀኑን ስነግራት «እንዲያ ከሆነ ብሉና ውጡ» ብላ መርቃ ፈቀደች።

ከትሬቬሌስ በሁቢሌስ፣ በቤርቹሌስና በባሎር በኩል እየወረድንና እየወጣን ወደ ላሮሌስ። እዚያ እናድራለን፤ ምክንያቱም በማግሥቱ ላ ራጉዋ አለ።

ላ ራጉዋ ሴራ ኔቫዳን የሚያቋርጥ ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ያለው መተላለፊያ ነው። ላሮሌስ አንድ ሺህ ላይ ናት፤ በአንድ ማለዳ አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ማለት ነው። ሐረጎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሲወጡት ከስድስት መቶ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ነገር ለወንድሜ በስልክ ስነግረው ዝም አለ፤ ከዚያ «ሐረጎና ግማሽ» አለ።

መተላለፊያውን ካለፉ በኋላ አገሩ በአንድ ጊዜ ይለወጣል። በደቡብ ያለው አረንጓዴ ያበቃና በሰሜን ሰፊ፣ ደረቅ፣ ቢጫ ሜዳ ይዘረጋል፤ በላዩ ላ ካላኦራ የሚባለው ባለ አራት ክብ ማማ ምሽግ ብቻውን ቆሟል። ከዚያ ጓዲክስ። ጓዲክስ ላይ ሰዎች እስከ ዛሬ በዋሻ ቤት ይኖራሉ፤ ጭስ ማውጫዎቹ ከኮረብታው ሣር መካከል ነጭ ሆነው ይወጣሉ። ከነዚህ ቤቶች አንዱን ለሁለት ሌሊት ተከራይተናል። ላስታ ላይ ድንጋይ ተፈልፍሎ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የቆመ ሰው የዋሻን ቅዝቃዜ ያውቀዋል፤ ከራጉዋ በኋላ ያ ቅዝቃዜ ምን ያህል እንደሚያሳርፍ አሁኑኑ ይታየኛል። በመጨረሻም በላ ፔሳና በኬንታር በኩል ግራናዳ፣ ከግራናዳ አላማ፣ ከአላማ በሳፋራያ በር ወደ ባሕሩ። አላማን መጀመሪያ ሳነብ የኛው «ዓላማ» መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ቃሉ ከዐረብኛው አል-ሐማም፣ ከመታጠቢያው፣ የመጣ ነው፤ ከተማዋ ፍል ውሃ አላት። ከስምንት ቀን መንዳት በኋላ ሁለቱ ቃላት ብዙም አይራራቁም።

ጠቅላላው ወደ 460 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ለእኔ የሚያስጨንቀኝ ቁጥር ግን ሽቅቡ ነው፤ ስደምረው ወደ ሰባት ሺህ ሜትር ይመጣል። ቀኖቹን የከፈልኩት በዚህ ስሌት ነው፦ ሻንጣ ጭኜ በሜዳ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ፤ ለእያንዳንዱ መቶ ሜትር ሽቅብ ደግሞ 12 ደቂቃ እጨምራለሁ። ከኦርሂባ ትሬቬሌስ 38 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ መውጣትና መውረዱ ሲቆጠር ግን ሽቅቡ 1,300 ሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከፔዳል ሳልወርድ አምስት ሰዓት። ውሃ መቅዳቱ፣ ምሳው፣ ማረፉ ሲጨመር ሙሉ ቀን ነው። ይህ ስሌት ቢኖረኝ ኖሮ ክሬት ላይ በዚያ ሰዓት አልነሣም ነበር።

ከወንድሜ ጋር የተጣላነው በቬሌታ ነው። ቬሌታ ከግራናዳ በላይ ያለ ጫፍ ነው፤ ጥርጊያው እስከ 3,380 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ በአውሮፓ ከዚያ የሚበልጥ የአስፋልት መንገድ የለም። ከ2,500 ሜትር በላይ መኪና እንዳያልፍ በር አለው፤ ብስክሌትና እግረኛ ግን ያልፋሉ። ወንድም ጋሼ ይህንን ጫፍ ከወጣትነቱ ጀምሮ ያስበዋል። ጉዞውን ስንጀምር በሐሳቡ ውስጥ የነበረው አልፑሃራ ሳይሆን ቬሌታ እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። በሚያዝያ ግን የላይኛው ክፍል በበረዶ ሥር ነው፤ እስከ ክረምታችን መግቢያ ድረስም አይከፈትም። ይህንን ስነግረው «እንግዲያው በመስከረም እንሂድ» አለ። እኔ ፈቃድ የተሰጠኝ ለሚያዝያ ነው። በመስከረም ደግሞ ቦዮቹ ይደርቃሉ፣ ታች ያለው ወይና ደጋ ሁሉ በበጋው ተቃጥሎ ቢጫ ይሆናል።

ለአሥር ቀን አልተደዋወልንም። እናታችን ሰማች፤ ለሁለታችንም በየተራ ደወለች። ምን እንዳለችው አልነገረኝም። በአሥራ አንደኛው ቀን ማታ ደወለና «ሚጣ፣ በሩ ድረስ እንወጣለን፤ ከዚያ በላይ ያለው ባለበት ይቆያል» አለኝ። ስለዚህ ግራናዳ ላይ አንድ ቀን ጨመርን። ሻንጣችንን ማረፊያችን ጥለን በባዶ ብስክሌት እስከ 2,500 ሜትር፣ እስከ በሩ። እኔ ያን ቀን ያሰብኩት ለአልሃምብራ፣ ለግራናዳ ሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት፣ ነበር። አሁን አልሃምብራን በዋዜማው፣ በደረስንበት ማታ፣ የሌሊት መግቢያ ቲኬት ገዝተን እናየዋለን። በሩ ድረስ ብቻውን እንዲወጣ አልፈልግም።

ዝናብ ወይም በረዶ ላ ራጉዋን ከዘጋው ሁለተኛ መንገድ አለን፦ ከላሮሌስ ተመልሰን በደቡቡ ጎን ወደ ኦርሂባ፣ ከዚያ በላንሃሮን፣ በምንጭ ውሃዋ በምትታወቀው፣ አልፈን በፓዱል በኩል ግራናዳ መግባት። ከፓዱል በላይ ያለው ኮረብታ «የሙሩ (የሙስሊሙ) ትንፋሽ» ይባላል፤ ቦአብዲል ግራናዳን ለመጨረሻ ጊዜ ዞሮ ያየው እዚያ ነው ይባላል። ይህም መጥፎ መንገድ አይደለም። ግን ራጉዋ ክፍት እንዲሆን እጸልያለሁ።

ብስክሌቴ ላይ የለወጥኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማርሹ። የሆላንድ ብስክሌት ለነፋስ ነው የሚሠራው። የፊተኛው ትንሹ ማርሽ 34 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 28 ጥርስ ነበረው፤ ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ብስክሌቱ 2 ሜትር ከ60 ይሄዳል። በደቂቃ ስድሳ ጊዜ እየረገጥኩ ማለት በሰዓት ከዘጠኝ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሻንጣ በጫነ ብስክሌት በስምንት በመቶ ዳገት ላይ ያንን ፍጥነት የሚችል ጉልበት የለኝም። የማይቻለውን ፍጥነት ለመጠበቅ ስንል ነው ጉልበታችንን የምንጎዳው። አሁን ፊት 30፣ ኋላ 34 አስገብቻለሁ። አንድ ዙር 1 ሜትር ከ90፤ በዚያው እርግጫ በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ። ከሩጫ ያነሰ፣ ከእርምጃ የሚበልጥ። የምትገዙ ሰዎች ካላችሁ ውድ ቀላል ብረት ከመፈለግ በፊት የኋላ ጥርሳችሁን ቁጠሩ። የወንድሜን ፍሬን ደግሞ አዲስ ላስቲክ ካላስገባ አብሬው እንደማልወርድ ነግሬዋለሁ፤ ይህንን የምለው ሐረጎን ስለማስታውስ ነው።

ልምምዱ ከባድ ነው፤ ዩትሬክት ዳገት የለውም። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ አሜሮንገን የሚባል መንደር አጠገብ 69 ሜትር ከፍታ ያለው ደናማ ኮረብታ አለ፤ የአገሩ ሰዎች በአክብሮት «ተራራ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ሲወጡት የሚገኘው ሽቅብ ሃምሳ ሜትር ያህል ነው። በየቅዳሜው አሥራ ሁለት ጊዜ እወጣዋለሁ፣ እወርደዋለሁ፤ ስድስት መቶ ሜትር ይሞላል። አሥራ ሁለተኛው ላይ እግሬ ሲንቀጠቀጥ ኮምቦልቻ ሆኜ ጀምሬ ደሴ የደረስኩ አድርጌ አስባለሁ። በሌሎቹ ቀናት ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ነፋስ እንደ ዳገት ባይሆንም ትዕግሥት ያስተምራል።

ስለ ሰዓት ደግሞ፣ ስፔን በካርታ ላይ ካላት ቦታ አንጻር ሰዓቷ ወደፊት የሄደ ነው። በኛ አቆጣጠር ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ጥላ የሚያጥረው በቀትር ስድስት ሰዓት ሳይሆን ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የምትጠልቀውም ከምሽቱ 3 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። ሱቆች ደግሞ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ይዘጋሉ፣ እሑድ ጨርሶ። ስለዚህ ስንቅ የሚገዛው በጠዋት ነው፣ ከዳገቱ በፊት። አልፑሃራ ውስጥ መንደሩ ሁሉ የምንጭ ውሃ ቧንቧ አለው፤ ይሁንና እኔ ከክሬት ወዲህ ከሦስት ጠርሙስ ባነሰ ውሃ ዳገት አልጀምርም። የራስ ቁር ከከተማ ውጭ በሕግ ግዴታ ነው፤ የሚያልፍ መኪናም ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል እንዲርቅ ሕጉ ያስገድደዋል።

ብስክሌቱ በካርቶን ነው የሚሄደው፤ ሠፈሬ ያለው ብስክሌት ሻጭ አንድ ባዶ ካርቶን በነፃ ሰጠኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትፈቱ ከሆነ የግራው ፔዳል የሚፈታው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን አትርሱ። እኔ ይህንን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ምሽት ታግያለሁ።

ቲኬቱን ትናንት ቆረጥን። ወንድሜ ከፍራንክፈርት፣ እኔ ከአምስተርዳም፤ እሱ ከእኔ በሁለት ሰዓት ቀድሞ ይደርሳል። «ብስክሌትሽን እኔ ነኝ የምገጥመው፣ ከካርቶኑ እንዳታወጪው» ብሏል። ዛሬ ጠዋት የአዲሱን ፍሬን ፎቶ ላከልኝ፤ የፊቱንም የኋላውንም ለውጧል። ለእናቴ አሳየኋት። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ ጊዜ ካየችው በኋላ «ሁለቱም ይሠራሉ?» አለች።